አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለባሕር ዳር ብስክሌተኛና እግረኛ

ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። በየአቅጣጫው ካሉት ሦስት የመኪና መስመሮች ሌላ ለብስክሌትና ለእግረኛ የራሳቸው መንገድ ተሰጥቷቸዋል። ብስክሌት ለለመደችው ባሕር ዳር ከሁሉም በላይ ደስ የሚለው ይሄ ነው፤ አሮጌው ድልድይ ባለ ሁለት መስመር ብቻ ነበርና።

ብስክሌተኛ መጠንቀቅ ያለበት ድልድዩ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ድልድይ በሙቀት ስለሚረዝም፣ በብርድም ስለሚያጥር እዚያ ክፍተት ይተዋል። ቀጭን ጎማ በሰያፍ ከገባበት ይንሸራተታል፤ ዝናብ ሲሆን ይብሳል። ፍጥነት ቀንሶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ፍሬን ሳይዙ ማለፍ ይሻላል። ክፍተቱ አፈርና ጠጠር ከሞላበት መገጣጠሚያው እንደልብ መንቀሳቀስ ስለማይችል ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት መጠረግ አለበት። ለፎቶ የሚቆም ሰው የብስክሌቱን መስመር ለቆ ወደ አጥሩ ይጠጋ።