የቪታራ 1.6 የቴርሞስታት ክዳን፦ ምትክ ዕቃው ከዘጠኝ ወር በኋላ

ዕቃው ለመጀመሪያው ትውልድ ሱዙኪ ቪታራ 1.6 ሞተር የሚሆን፣ የአምራች ስም ያልተጻፈበት የአልሙኒየም የቴርሞስታት ክዳን ነው፤ ቴርሞስታት የሞተሩን ውሃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ክዳኑ፣ አንድ የወረቀት ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሐል የሚገባ የፍሳሽ መከላከያ) እና ሁለት ባለ 8 ሚሊ ቡሎኖች አሉ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶበታል፤ አብዛኛው በአዲስ አበባ፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል፣ ማለትም ትንሽ ተነድቶ ብዙ በሚቆምበት መንገድ ነው። ፍርዱን ከመጀመሪያው ለመናገር፦ ክዳኑ ገንዘቡን ያወጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ግን ለመጣል ነው። ክዳኑም ቢሆን ከካርቶኑ እንደወጣ ከታሰረ ያፈስሳል። ለምን እንደሆነ ከታች በዝርዝር አለ።

መጀመሪያ የሚያፈስሰው በእርግጥ ክዳኑ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ የሚቀመጠው በኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ በሚያስገባው አካል) ፊት ሲሆን፣ ክዳኑ ሙቁን ውሃ በላይኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ወደ ራዲያተር ይልካል። አካባቢው ጠባብ ነው፤ የሙቀት መለኪያው ሴንሰርና ትናንሽ የውሃ ቱቦዎችም እዚያው ሰፈር ስላሉ አንዱ የሌላውን ጥፋት ይሸከማል። ቦታውን በጨርቅ አድርቁና የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። ውሃው በነጩ ዱቄት ላይ መስመር ሠርቶ ከየት እንደጀመረ ያሳያል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አንጠባጥቦ ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ የማኒኮቶው ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ነው። ሲሞቅና ግፊት ሲይዝ የሚብስ ከሆነ ግን ክዳኑን ፍቱ። በመጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ደግሞ ውሃው እዚያ ሲወጣና ሲተን ከርሟል ማለት ነው።

ትንሽ ነው ብሎ መተው አዲስ አበባ ላይ ከቆላ ይልቅ ይጎዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው 0.9 ምልክት ያለበት የራዲያተር ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ በእሱ የመፍያው ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። የቴርሞስታቱ ክዳን ላይ ክፍተት ካለ ግን ይህ ግፊት ይሸሻል። ያኔ የ88 ዲግሪ ቴርሞስታት ገና መከፈት ሲጀምር ውሃው ለመፍላት አራት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። የቸርችልን ዳገት ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሁለተኛ ማርሽ በትራፊክ መሐል ለሚወጣ መኪና አራት ዲግሪ ምንም አይደለም። የአልሙኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ደግሞ አንዴ ከተጣመመ ወጪው ከክዳኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የድሮው ክዳን ለምን ያረጃል? ዋናው ምክንያት የቧንቧ ውሃ ነው። አልሙኒየሙ፣ የብረት ቡሎኑና የቴርሞስታቱ መዳብ ነክ አካል በአንድ ውሃ ሲነከሩ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው፤ ከጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ጀምሮ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት የሰው እጅ ነው። ክዳኑ የሚታሰረው በሁለት ቡሎን ብቻ በመሆኑ፣ ሲያንጠባጥብ በታየ ቁጥር «አንዴ ልጠብቀው» ሲባል ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ታች ይጎብጣሉ፣ መሐሉ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በጠበቀ ቁጥር የበለጠ ያፈስሳል።

አዲሱ ክዳንም ቀጥ ያለ አልነበረም። የብረት ማስመሪያ በጎኑ አቁሞ ሲታይ በመሐሉ የተለመደ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ያልፍ ነበር፤ ይህ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለወረቀት ጓርኒሲዮን ይህም ይበዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወፍራም የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድሙ፣ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘርጉበት፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ አርከፍክፉና ክዳኑን በስምንት ቅርጽ እያዞራችሁ ፈትጉ። በአንድ በኩል መጫን አይገባም። በየደቂቃው ገልብጣችሁ እዩ፤ ያልተነካው ክፍል ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ የተነካው ያበራል። ሙሉ ፊቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን ወደ 240 ቁጥር ተሻግራችሁ ጨርሱ። ሥራው ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። ከዘጠኙ ወር ውጤት ግማሹ የተገኘው ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

በማኒፎልዱ በኩል ያለው ፊት ግን እንዲህ አይፈተግም። መጀመሪያ ቀዳዳው ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቁ፤ የተፋቀው አሸዋ ወደ ሞተሩ ከገባ ጉዳቱ ከፍሳሹ ይብሳል። አሮጌውን ወረቀት በካቻቢቴ ጫፍ መፋቅ የተለመደ ስሕተት ነው፦ ለስላሳው አልሙኒየም ላይ የሚቀረው ጭረት ለውሃ ቦይ ይሆናል። ምላጭ በዝግታ እያንሸራተቱ ማንሳት ይሻላል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከቀረ በብረት ማጣበቂያ ሞልቶ ማድረቅና ማስተካከል ይቻላል። ጉድጓዱ ከውሃው ቀዳዳ እስከ ውጭው ጠርዝ የዘለቀ ከሆነ ግን ማኒፎልዱ ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት፤ አዲስ ክዳን መግዛቱ ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

ስለ መፍታቱ ብዙ የሚባል የለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ የራዲያተሩ የታች መክፈቻ ሲከፈት ሁለት ሊትር ያህል ማውረድ ይበቃል፤ በንጹሕ ባልዲ ይቀበሉት። ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሆነ አስፋልት ላይ አይፈስስ፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሾች ይልሱታል፣ ይገድላቸዋል። ቡሎኖቹ በ12 ቁልፍ ይፈታሉ። አንዱ አልላወስ ካለ አታስገድዱት፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍታችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማሰር እያመላለሳችሁ አውጡት። እዚህ የተሰበረ ቡሎን የግማሽ ሰዓትን ሥራ የሁለት ቀን ያደርገዋል።

ቴርሞስታቱን በዚያው መቀየር ተገቢ ነው፤ መፈተንም ያስፈልጋል። የከተማችን ከፍታ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሞተር የሚሸጡት የ82 እና የ88 ዲግሪ ናቸው። የ82ቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95፣ የ88ቱ በ100 ሲሆን ያኔ ቫልቩ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይነሳል። አዲስ አበባ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ግን ከ92 ወይም 93 ዲግሪ አያልፍም! ስለዚህ ጤነኛ የ88 ቴርሞስታት በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ብቻ ተከፍቶ ይቆማል፣ «ሞቷል» ተብሎም ይጣላል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ ቀላቅላችሁ ብትፈትኑት ድብልቁ እዚህም 100 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ እውነቱን ታያላችሁ። ለዚህ የምትጠቀሙበት ዕቃ ምግብ አይሠራበትም፤ መስኮትም ይከፈት።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ ያለ እሱ መንዳት መፍትሔ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሞተሩ ወደ ትክክለኛው ሙቀት ሳይደርስ ግማሹን መንገድ ይጨርሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም በቶሎ ይበላሻል።

ሲገጠም ቴርሞስታቱ ጠርዙ በተቆፈረለት ክብ ቦታ ላይ ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ ትንሿ የአየር ማስተንፈሻ ፒን ወደ ላይኛው በኩል ትሁን። ክዳኑ ሲታሰር ቴርሞስታቱ ከቦታው ተንሸራቶ ከተቆነጠጠ ክዳኑ ይሰነጠቃል። ብዙ አዲስ ክዳኖች የሚሰበሩት በዕቃው ጥራት ሳይሆን በዚህ ነው። ቡሎኖቹን በእጅ ስታስገቡ ክዳኑ ሳይወዛወዝ ፊት ለፊት መግጠም አለበት፤ ከወዛወዘ አውጥታችሁ እንደገና እዩት።

ከካርቶኑ የወጣው ጓርኒሲዮን ስስና ደረቅ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መርካቶ በገበታ የሚሸጠውን 0.8 ሚሊ የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝቶ በክዳኑ ልክ መቁረጥ ይሻላል፤ ከአንድ ገበታ ብዙ ይወጣል። ሲሊከን ከተጨመረ በጣት የተጠረገ ያህል ስስ ይሁን፣ በወረቀቱ ሁለት ፊት። በወፍራሙ ሲደፋ ወደ ውስጥ የሚወጣው ትርፍ ደርቆ ይላቀቅና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ቡሎኖቹን እየተፈራረቃችሁ፣ በየግማሽ ዙር አጥብቁ። ለ8 ሚሊ ቡሎን በአልሙኒየም ውስጥ ከ20 ኒውተን ሜትር በላይ አያስፈልግም። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አጭር ቁልፍ ያዙና በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ እሰሩ፣ ክንድ አይግባበት።

አየር ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት አቁሙት፤ ለዚህ ከተማችን ቦታ አትነፍግም። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ አዙሩ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፍት ትታችሁ በዝግታ ሙሉ፣ ማኒኮቶውን በእጅ እየጨመቃችሁ። ሞተሩ ተነስቶ ላይኛው ማኒኮቶ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው። ደረጃው ይወርዳል፤ ጨምሩና ዝጉ። የሚሞላው ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ ደግሞ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ (አሲድ የሌለበት የተጣራ ውሃ) ነው። የቧንቧ ውሃ ከተሞላ ሥራው ሁሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዘጠኙ ወር። ከመጀመሪያው ቀን ንዳት በኋላ በታችኛው ጠርዝ ጥቂት እርጥበት ታየ፤ ወረቀቱ ሞቆ ስለሚኮማተር ይህ የሚጠበቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቡሎኖቹ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ መጋጠሚያው አንድም ጊዜ አላላበውም፤ በጥር ሙቀት ቀትር ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ሲቆምም፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣም መርፌው ከመሐል አልተነሳም። በአምስተኛው ወር ግን ችግሩ ከሌላ በኩል መጣ። የዚህ ክዳን አፍንጫ ጫፍ ላይ ማኒኮቶውን የሚይዘው ጉብታ ከኦሪጅናሉ ዝቅ ያለ ነው። ፋሼታው ጉብታው ላይ ከተቀመጠ ጎማው ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ፋሼታውን ከጉብታው ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ጨረሰው። የክዳኑ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ሳትገዙ በፊት በጣታችሁ ዳስሱት፣ ጉብታው ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ መልሱት።

በሰኔ መጨረሻ ለምርመራ ተከፍቷል። ቡሎኖቹ ያለ ጭንቅ ወጡ፤ ሲገጠሙ ክራቸው ላይ ጥቂት ግራሶ ተቀብቶ ነበር። የውስጡ ፊት ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ጉድጓድ የለውም፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ቅርፊት አልያዘም። ማስመሪያ ሲቆምበት ወረቀት አያልፍም፣ ስለዚህ ጆሮዎቹ አልጎበጡም። ጓርኒሲዮኑ ብቻ ተቀይሮ ያው ክዳን ተመልሶ ታስሯል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ክዳን ማግኘት ይቻላል፤ ብረቱ ወፍራም፣ ጉብታውም ጥሩ ነው። ሲገዛ ማስመሪያና ወረቀት ይዞ መሄድ፣ የውስጡንም አፍ በጥፍር መፈተሽ ያስፈልጋል። ጉድጓድ የሌለውና ከሁለት ወረቀት በላይ ያልጎበጠ ከተገኘ፣ በመስታወት ላይ ተፈትጎ ከአዲሱ ምትክ የተሻለ ይሆናል። የተበየደ ክዳን ግን ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር አይገዛ፤ ብየዳው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከዳሩ ይሰነጠቃል።