ፊዚዮኔት፦ ዳታ ለቸገረው የሕክምና ተመራማሪ የተከፈተ ጎተራ

በባዮሜዲካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ጥናቱን የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ዳታ ከየት ይገኛል? ሐኪም ቤት ሄዶ መጠየቅ ተገቢው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የታካሚዎች ስምምነት፣ በካርድ ላይ በእጅ የተጻፈውን ታሪክ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱ ሥራ ተደማምረው ለጥናቱ ከተመደበው ጊዜ አብዛኛውን ሊበሉት ይችላሉ። ተማሪዎችን በማማከር ሥራዬ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ መልሴም ከፊዚዮኔት ጀምሩ የሚል ነው። ለምን እንዲህ እንደምል፣ የቱ ላይ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ፊዚዮኔት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ድጋፍ የተቋቋመ፣ ከሰው አካል የተቀዱ ምልክቶችንና የሕክምና መዛግብትን ለተመራማሪዎች በነጻ የሚያቀርብ አገልግሎት ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኘው የኮምፒውቴሽናል ፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ ነው። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት)፣ የአንጎል ሞገድ፣ የትንፋሽና የልብ ድምፅ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል መዛግብት፣ እነዚህን ለማንበብ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮችም በአንድ ቦታ ይገኙበታል።

ጥራቱን ለመመዘን ከሁሉ የቆየውን ስብስብ ማየት ይበቃል። ኤምአይቲ–ቢአይኤች በመባል የሚታወቀው የልብ ምት መዛባት ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 በቦስተን ቤት እስራኤል ሆስፒታል ከ47 ሰዎች የተቀዱ፣ እያንዳንዳቸው የግማሽ ሰዓት ርዝመት ያላቸው 48 ቅጂዎችን ይዟል። በ1980 ለሌሎች ተመራማሪዎች መታደል ሲጀምር የሚላከው በማግኔት ቴፕ ነበር። ዛሬ ግን ታምቆ ከ100 ሜጋባይት የማይበልጥ ፋይል በመሆኑ ደካማ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ እንኳ ያወርደዋል። ውድ ያደረገው ግን የምልክቱ ብዛት አይደለም። ወደ 110,000 የሚጠጉትን ምቶች የልብ ሐኪሞች ለየብቻቸው እየተመለከቱ ስም ሰጥተዋቸዋል፤ ያልተስማሙበትንም ተወያይተው ቋጭተውታል። እንዲህ ያለ ልፋት አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ብቻውን የሚወጣው አይደለም።

ቁጥር 100 የተባለውን የመጀመሪያውን ቅጂ የራስጌ ፋይል (የቅጂውን መግለጫ የያዘውን) በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ብትከፍቱት ጥቂት መስመሮች ብቻ ታገኛላችሁ። ሁለት የኢሲጂ መስመሮች፣ በሰከንድ 360 ናሙና (ምልክቱ በሰከንድ 360 ጊዜ ተለክቷል ማለት ነው)፣ በጠቅላላው 650,000 ናሙና። ከዚያም የታካሚው ዕድሜ 69፣ ጾታው ወንድ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች አልዶሜት እና ኢንደራል መሆናቸው ተጽፏል። ኢንደራል የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት በመሆኑ የምቱን ፍጥነት የሚያጠና ሰው ይህችን መስመር ሳያነብ ማለፍ የለበትም። ብዙ ተማሪዎች ግን ቁጥሮቹን ብቻ ወደ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አስገብተው የራስጌውን ፋይል ጨርሶ አይከፍቱትም፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል።

በሰከንድ 360 ናሙና የተመረጠውም በዘፈቀደ አይደለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር በ60 ሄርዝ ስለሚሠራ፣ ከመስመሩ ወደ ኢሲጂው የሚገባውን ረብሻ (ኖይዝ) በቀላል ዲጂታል ማጣሪያ ለማስወገድ የ60 ብዜት የሆነ የናሙና መጠን አስፈለገ። የእኛ አገር መስመር ደግሞ 50 ሄርዝ ነው። አንድ ተማሪዬ በዚህ ዳታቤዝ ላይ አሳምሮ የሠራውን ማጣሪያ ራሱ በገጣጠመው መሣሪያ ከቀዳው ኢሲጂ ላይ ሲያውለው ረብሻው ንቅንቅ አልል አለው። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሁለት ሳምንት ሽቦ ሲፈትሽ ከቆየ በኋላ ነው የምልክቱን ስፔክትረም (የድግግሞሽ ስርጭት) አውጥተን 50 ሄርዝ ላይ የቆመውን ሹል መስመር ያየነው። የዳታቤዙ ገለጻ ይህን ሁሉ ያስረዳል፤ ስለዚህ ፊዚዮኔትን የማመሰግነው ዳታውን ስለሰጠን ብቻ ሳይሆን ዳታው እንዴት እንደተገኘ ሳይደብቅ ስለጻፈልንም ነው።

ከዚህ የሚከፋው ስህተት ዳታውን ለአልጎሪዝሙ ማሠልጠኛና መፈተኛ በመክፈሉ ላይ ይፈጸማል። ምቶቹን በሙሉ በአንድ ላይ ደባልቆ በዕጣ የሚከፍል ሰው የአንድን ታካሚ ምቶች ግማሹን ለሥልጠና፣ ግማሹን ለፈተና ያውላል። አልጎሪዝሙም በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን ይለያል፤ ውጤቱም 99 በመቶ ሆኖ ይወጣል። እኔ ራሴ ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ይዤ አማካሪዬ ፊት ቀርቤያለሁ። እርሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሥልጠናው ታካሚ በፈተናው ውስጥ አለ ወይ?» ሥራውን በታካሚ ከፍዬ ስደግመው ውጤቱ በብዙ ወረደ፤ እውነተኛው ግን እርሱ ነበር። ቅጂ 201 እና 202 ከአንድ ሰው የተወሰዱ መሆናቸውን፣ 102፣ 104፣ 107 እና 217 ደግሞ ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ካላቸው ሰዎች የተቀዱ በመሆናቸው በመደበኛው አሠራር ከግምገማ እንደሚወጡ ማወቅም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ዳታ የሚሻገር ሰው ሚሚክን ያገኛል። ሚሚክ ሦስት የሚባለው እትም እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2012 በቦስተን ቤት እስራኤል ዲኮነስ ሕክምና ማዕከል በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተኙ ከ40,000 በላይ ታካሚዎችን የላቦራቶሪ ውጤት፣ መድኃኒት፣ የነርስ ምዝገባና የሐኪም ማስታወሻ ይዟል፤ ሚሚክ አራት የተባለው ተከታዩ እትምም አለ። ይህኛው እንደ ኢሲጂው ለማንም የተከፈተ አይደለም። ጠያቂው ማንነቱን ያስመዘግባል፤ በሰው ላይ ስለሚደረግ ጥናት ሥነ ምግባር የሚሰጠውን የኢንተርኔት ኮርስ ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ያያይዛል፤ ተማሪ ከሆነም አማካሪውን በዋቢነት ይጠቅሳል፤ በመጨረሻም የአጠቃቀም ውሉን ይፈርማል። ይህን ሒደት አድካሚ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። በመዝገቡ ውስጥ ያሉት በሕይወታቸው እጅግ በከበደው ቀን ሐኪም ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ጥቂት ሰዓት ወስዶ ስለ ክብራቸው መማር የሚበዛባቸው አይደለም። ውሉ ዳታውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍን ይከለክላል። የታካሚን ማስታወሻ ገልብጦ እንደ ቻትጂፒቲ ላለ የኢንተርኔት አገልግሎት መላክም በዚሁ ክልከላ ሥር ሊወድቅ ስለሚችል፣ ተማሪዎቼን ይህን ደጋግሜ አስጠነቅቃለሁ። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ የ100 ታካሚዎችን ናሙና የያዘው ክፍት እትም ለመለማመጃ ይበቃል።

ሚሚክም የራሱ ጠባይ አለው። የታካሚውን ማንነት ለመሰወር ቀኖቹ ሁሉ ወደ ፊት ተገፍተዋል፤ በመሆኑም አንድ ታካሚ በ2150 ገብቶ ሲወጣ ታያላችሁ፤ በአንዱ ታካሚ መዝገብ ውስጥ ያለው የቀናት ርቀት ግን አልተነካም። በሚሚክ ሦስት ከ89 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች ዕድሜ ከ300 በላይ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያላወቀ ተማሪ አማካይ ዕድሜውን ሲያሰላ ከእውነቱ የራቀ ቁጥር አግኝቶ ሳይጠራጠር በሠንጠረዡ ላይ ያሰፍረዋል።

ዋናው ቅሬታዬ የዳታው መገኛ ነው፤ ይህ ግን ከአቅራቢው ይልቅ የእኛን የቤት ሥራ የሚያመለክት ነው። ሚሚክ የአንድ የአሜሪካ ከተማ፣ የአንድ ሐኪም ቤት ታሪክ ነው። በዚያ ተደጋግሞ የሚመዘገበው የደም ጋዝ ምርመራ በብዙዎቹ የአገራችን ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እንደዚያ አዘውትሮ አይሠራም፤ ስለዚህ በሚሚክ ላይ የሠለጠነ የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ከባድ የሰውነት መታወክ) መተንበያ እዚህ ሲመጣ የሚጠብቀውን ግብዓት ላያገኝ ይችላል። በዚህ ረገድ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ሰርኮር ዲጂስኮፕ የተባለው የልብ ድምፅ ስብስብ ይመስለኛል። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በተካሄዱ የምርመራ ዘመቻዎች በአብዛኛው ከሕፃናትና ከወጣቶች የተቀዳ ሲሆን፣ የ2022ቱ የፊዚዮኔት ዓመታዊ ውድድርም ሐኪሙ በማዳመጫ የሚሰማውን ያልተለመደ የልብ ድምፅ በኮምፒውተር መለየትን የተመለከተ ነበር። የሩማቲክ የልብ ሕመም ስንቱን ታዳጊ በሚጎዳባት አገራችን፣ ከጅማ፣ ከጎንደርም ሆነ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ተመራማሪ በዚህ ስብስብ ላይ ዘዴውን ፈትኖ ከዚያ በአገር ውስጥ የራሱን ቅጂ ቢሰበስብ ትልቅ ሥራ ይሆናል።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ የምለው የለኝም። የፊዚዮኔትን ቅጂዎች የሚያነበው ደብሊውኤፍዲቢ የተባለው የፓይተን ጥቅል ቅጂውን በሙሉ ሳያወርድ የተፈለገውን ክፍል ብቻ ከሰርቨሩ ላይ ማንበብ ስለሚችል፣ ቴራባይት የሚመዝኑትን የጽኑ ሕሙማን ሞገዶች ለማየት ትልቅ ዲስክ መግዛት የግድ አይደለም። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሐኪም ግን ብቻውን ሊቸገር ይችላል፤ ከመሐንዲስ ጋር ተጣምሮ ቢሠራበት እመክራለሁ።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሥራ ሁልጊዜ አንድ አደርገዋለሁ። ቅጂ 100ን ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰከንዶች በሥዕል ያወጣል፤ ምቶቹንም በዓይኑ ይቆጥራል። 13 ናቸው። ሰባቱ በእኩል ርቀት ከመጡ በኋላ ስምንተኛው ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመጣል፤ የሐኪሞቹን ፋይል ሲደርብበትም ከላይኛው የልብ ክፍል ያለጊዜው የተነሳ ምት መሆኑን የሚያመለክተውን «ኤ» የሚለውን ፊደል በዚያችው ምት አናት ላይ ያገኘዋል።