የተጋረደ ኳዛርን መዋዠቅ ለመከታተል፦ ቻንድራ ወይስ ኤክስኤምኤም-ኒውተን?

ኳዛር በሩቅ ጋላክሲ መሃል ያለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ቁስ ሲውጥ የሚፈጠር ደማቅ ምንጭ ነው፤ የተጋረደ የሚባለው ጋዝ ሲሸፍነው ነው፤ መዋዠቁም የድምቀቱ መጨመርና መቀነስ ነው። ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን ሁለቱም የኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፖች ሲሆኑ በ1999 እ.ኤ.አ. የመጠቁ ናቸው። ለመዋዠቅ ጥናት ግን ኤክስኤምኤም-ኒውተን ይቀድማል፤ ምክንያቱም ብዙ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይሰበስባል። 25 ፎቶን ብቻ ከተቆጠረ ስህተቱ 20 በመቶ ነው፤ 400 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቆጠራ የ10 በመቶ ለውጥ ፈጽሞ አይለይም።

ችግሩ መመርመሪያውን ድንገት የሚያጥለቀልቁት ከጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች ናቸው። ከ10 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት (የኃይል መለኪያ) በላይ ያለውን ቆጠራ በጊዜ ቅደም ተከተል አይቶ፣ የሾለበትን ጊዜ ቆርጦ መጣል ግድ ነው።

ቻንድራ በምስል ጥራት አቻ የለውም፦ ግማሽ አርክ ሰከንድ ገደማ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው)። ጎረቤት ምንጭ ካለ ምርጫው እሱ ነው። ሆኖም በቀይ ሽግግር 2፣ ማለትም በጠፈር መስፋፋት የብርሃኑ ሞገድ 3 እጥፍ በሚረዝምበት ርቀት ላይ፣ ይህ ስፋት 4 ሺህ ፓርሴክ (13 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ) ያህል ስለሚሆን የጋላክሲውን እምብርት ከኳዛሩ አይነጥልም። ሌላም ወጥመድ አለ፤ በማጣሪያው ላይ ዓመት በዓመት የሚከማቸው ቆሻሻ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸውን ፎቶኖች ያስቀራል። በአሮጌ የካሊብሬሽን (የመሣሪያ ልኬት ማስተካከያ) ፋይል የሠራ ሰው ኳዛሩን የጋረደው ጋዝ የወፈረ ይመስለዋል።

በየትኛውም ቢለካ፣ በዚያ ርቀት ጊዜም በ3 እጥፍ ስለሚለጠጥ የ30 ቀን ክፍተት ለኳዛሩ 10 ቀን ብቻ ነው፤ የብረት አተሞች በ6.4 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት የሚያወጡት የብርሃን መስመርም 2.1 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ላይ ይፈለጋል።