ቤት ለቤት ወይስ ጤና ኬላ?

በዓባይ ሸለቆ ዳር ባሉ የጎጃም ቆላ ቀበሌዎች ድርቅ ሲገባ በምግብ እጥረት የተጎዱትን ለመለየት ሕፃናት የት ይለኩ? ጤና ኬላ ላይ ሚዛኑም መዝገቡም አለ። ግን ውኃ ፍለጋ የምትውል እናት ዳገቱን ወጥታ መቼ ትደርሳለች?

ቤት ለቤት ሲሆን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክንድ መለኪያዋን ይዛ ደጃፍ ድረስ ትመጣለች። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ሁለቱም እግሮቹ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ሲጫኗቸው ጎድጉደው ከቀሩም አደጋ ነው፣ ክንዱ ደህና ቢመስልም። ይሄን እናትም ትለምደዋለች።

እኔ ቤት ለቤቱን እመርጣለሁ። ለባለሙያዋ ድካም ነው፣ አውቃለሁ። ሕክምናው ግን ያለ ጤና ኬላ አይሆንም። መብላት የሚችል ልጅ ፕላምፒ ነቱን፣ ማለትም ከኦቾሎኒ የተሠራውን የሕክምና ምግብ፣ ከዚያ ይወስዳል፤ መብላት ያቃተው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል።