ህክምናው አሪፍ ነው፣ የእሳት መውጫው ግን ተቆልፏል

እናቴ እዚህ ሆስፒታል አራት ቀን ተኝታ ነበር፣ ነርሶቹ እግዜር ይስጣቸው በጣም ጥሩ ናቸው። ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኮሪደሩን ስዞር ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት ተቆልፎ የተሰበረ አልጋ ተደግፎበታል፣ የእሳት ማጥፊያው ጌጅ ደሞ መርፌው አረንጓዴውን ለቆ ቀዩ ላይ ወርዷል፣ ግፊቱ አልቋል ማለት ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እኮ ትንሽ እሳት ወዲያው ነው የሚንቦገቦገው፣ ሊፍት በእሳት ጊዜ አይነካም፣ ታዲያ መራመድ የማይችል በሽተኛ በየት ይውጣ? ጥበቃውን ስጠይቀው "ቁልፉ ሃላፊው ጋ ነው፣ ጠዋት ይመጣል" አለኝ። በናታችሁ ሰንሰለቱን ዛሬውኑ ፍቱት። አስታማሚ የሆናችሁ ደሞ ስትገቡ መውጫውን በእጃችሁ ገፍታችሁ እዩት፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ የእሳት አደጋ መከላከያውን ቁጥር 939ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።