ኪስ የሚገቡ ባለ ዙም ካሜራዎች፦ 40 እጥፍ ይሻላል ወይስ 15?

ጥሩ ስልክ በእጁ ያለ ሰው ዛሬ ለብቻው ካሜራ የሚገዛበት ዋናው ምክንያት ርቀት ነው። የልጅ ልደትም፣ የሰርግ ድግስም፣ ከአፋፉ ቁልቁል የሚታየው የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስም በስልክ ያምራሉ። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ እንኳ ሰው ብዙም አይፈራምና ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሣሩን እየነጨ ይነሳል። ዋልያ ግን ብዙውን ጊዜ ከገደሉ ማዶ ነው። ጥምቀት ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ የዘማሪ ካህናትን ፊት ማንሳት የሚፈልግ ሰውም በስልኩ የሚያገኘው የፊተኞቹን ጀርባ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ትንንሽ ካሜራዎች ሳጥናቸው ላይ በጉልህ የሚያሳዩት የዙማቸውን ቁጥር ነው። ገዢ ትልቁን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ ግን የሚናገረው የሌንሱ መድረሻ የመነሻው ስንት እጥፍ መሆኑን ብቻ ነው። ከ24 ሚሊ ሜትር ተነስቶ 960 የሚደርስ ሌንስ 40 እጥፍ ይባላል፤ 960 ለ24 ሲካፈል 40 ነውና። እነዚህ ሚሊ ሜትሮች ካሜራዎችን ለማወዳደር በፊልም ካሜራ ልክ የተሰሉ እንጂ የሌንሱ እውነተኛ ርዝመት አይደሉም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሩቁ ይቀርባል። ስለዚህ መታየት ያለበት መድረሻው ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ደግሞ ከነጭራሹ ከሂሳብ ማውጣት ይገባል፤ ፎቶውን ቆርጦ ከመለጠጥ ያለፈ ሥራ የለውም፣ ያንን ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ ገብቶ በኮምፒውተር ይሠራዋል።

አራት ካሜራዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ 740 መድረሻው 960 ሚሊ ሜትር ነው። በ2025 የወጣው ፓናሶኒክ ሉሚክስ ቲዜድ 99 እስከ 720 ይሄዳል፣ 30 እጥፍ ማለት ነው። የዚያው ፋብሪካ ቲዜድ 200፣ የ2018 ሥራ፣ በ15 እጥፍ 360 ላይ ያቆማል። በ2019 የወጣው ሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 7 ከ200 አያልፍም። ሁሉም መነሻቸው 24 ሲሆን ክብደታቸውም ከ300 ግራም ብዙም አይርቅም። አሜሪካ ያሉ ገዢዎች ሁለቱን ፓናሶኒኮች ዜድኤስ 99 እና ዜድኤስ 200 ብለው ይፈልጓቸው፤ ዕቃው አንድ ነው።

በዚህ ሰልፍ ካኖኑ አሸናፊ፣ ሶኒው መጨረሻ ይመስላል። ሳጥኑ ላይ በጉልህ የማይጻፈው የሴንሰሩ መጠን ሲታይ ግን ሰልፉ ይናጋል። ካኖኑና ቲዜድ 99 ብርሃን የሚቀበሉበት ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከትንሹ ጣት ጥፍር ያንሳል። ቲዜድ 200 እና ሶኒው «አንድ ኢንች» የሚባለውን ሴንሰር ይዘዋል፤ ስሙ ከልኩ ቢበልጥም 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አራት እጥፍ ሆነ።

አራቱም 20 ሜጋፒክስል ገደማ ናቸው። በቲዜድ 200 በ360 ሚሊ ሜትር የተነሳውን ፎቶ መሃሉን ብቻ አስቀርተን፣ ከርዝመቱም ከወርዱም ግማሹን ብንቆርጥ፣ የሚቀረን የ720 ሚሊ ሜትር እይታ ነው። በእጃችን 5 ሜጋፒክስል ይተርፋል፤ ለስልክ መስኮትና ለአልበም ፎቶ ይበቃል። የቀረው የሴንሰር ቁራጭ 29 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ከቲዜድ 99 ሙሉ ሴንሰር ጋር እኩል። ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳስ? የኤፍ ቁጥር የሚባለው የሌንሱ ርዝመት የቀዳዳው ስፋት ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። የቲዜድ 200 ሌንስ ትክክለኛ ርዝመቱ 132 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው ኤፍ 6.4 ነው፤ ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት 20.6 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የቲዜድ 99 ደግሞ 129 ለ6.4፣ 20.2 ይሆናል። ባለ 15 እጥፉ ካሜራ ባለ 30 እጥፉን በውስጡ ይዟል ቢባል ብዙ አልተጋነነም፤ የሚጎድለው የነጥብ ብዛት ነው። ዙሙ በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በአራት እጥፍ ሴንሰሩ ይበልጠዋል።

በዚሁ ስሌት ካኖኑን ስናየው የቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣዋል፤ እውነተኛ ብልጫ አለው። ለአዕዋፍና ለዋልያ ብሎ ለሚገዛ፣ በጠራ ፀሐይ ብቻ ለሚሠራ ሰው የሚሆነው እርሱ ነው፤ በመውጫ ዋጋውም ከአራቱ ርካሹ ነበር። ሮው ፋይል፣ ማለትም ሴንሰሩ የያዘውን ሳይነካካ የሚያቆይ ጥሬ ፋይል፣ አለማስቀመጡ ግን ፎቶውን በኋላ ማረም ለሚወድ ሰው ትልቅ ጉድለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መመልከቻው ነው። ካኖኑም ቲዜድ 99ም ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መመልከቻ የላቸውም። በ960 ሚሊ ሜትር ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ዋልያውን ከመስኮቱ አስወጥቶ ሰማይ ያሳያል። ካሜራን ግንባር ላይ አስደግፎ መያዝና ሁለት ክንድ ዘርግቶ በቀትር ፀሐይ የሚያብረቀርቅ ስክሪን ማንበብ ሰማይና ምድር ናቸው። በዚያ ላይ የቀትር ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሸለቆ ማዶ ያለ እንስሳ በየትኛውም ሌንስ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ጠዋት ማንሳት ይህንን ያቀልለዋል።

ሶኒው ለሌላ ሰው ነው። በከተራ ማታ፣ በጧፍ ብርሃን የሚንቀሳቀስ ሰው በስልክ ሲነሳ፣ ስልኩ የሌሊት ፎቶን ከብዙ ቅጽበቶች ስለሚያቀናብር ፊቱን ያደበዝዘዋል። ትልቅ ሴንሰርና ኤፍ 2.8 ሌንስ ግን በአንድ ምት ይይዙታል። የማይክራፎን መሰኪያ አለው፣ በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል፣ ብቅ የሚል መመልከቻም አለው። ሲወጣ ግን 1200 ዶላር ነበር፤ ቲዜድ 200 800፣ ቲዜድ 99 500፣ ካኖኑ 400። ርቀት ፈልጎ 200 ሚሊ ሜትር ላይ ለሚቆም ካሜራ ከሁሉም በላይ መክፈል አይዋጥልኝም። ባትሪም የፓናሶኒኮቹ ይበረታል።

እኔ ብገዛ ቲዜድ 200ን ነው። ስክሪኑ አይታጠፍም፣ ራሱን ለሚቀርጽ ሰው አይሆንም፤ ያ ሰው ቲዜድ 99ን ወይም ካኖኑን ይውሰድ።

ያገለገለ ሲገዛ አንድ ነገር ከሁሉም ይቅደም፤ አቧራ። ወጣ ገባ የሚል ሌንስ በወጣ ቁጥር አየር ይስባል፣ ከአየሩም ጋር አቧራ። ሌንሱ ስለማይፈታ ሴንሰሩን ባለቤቱ ማጽዳት አይችልም። ሻጩ ፊት ካሜራውን አብርቶ ዙሙን እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ቀዳዳውን ማጥበብ፣ ከዚያ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት። ፎቶው ሲከፈት ግራጫ ክብ ጠቃጠቆ ከታየበት፣ ዙሙ ሲቀየርም ጠቃጠቆው ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ አቧራው ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ዋጋው ሲቀነስም እንኳ ማለፍ ይሻላል።