ፈጣን ውሻ ከፈለጋችሁ ዊፔት ግዙ፤ ቦርደር ኮሊና ሃስኪ ያማራችሁ ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እዩ

ውሻ እንደምወድ የሚያውቁ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከሁሉ የሚሮጠው የትኛው ነው?» በአንድ ቃል መልሼ መገላገል እችላለሁ፤ ግሬይሃውንድ ነው። ግን ቀጥለው የሚሉትን ስሰማ የሚፈልጉት ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዱ ጠዋት ጠዋት አብሮት የሚሮጥ ይፈልጋል። አንዷ ልጆቿ ኳስ ሲወረውሩ እየሮጠ የሚያመጣላቸውን ትፈልጋለች። ሌላው ሜዳ ላይ ሲለቀው ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያይለት ነው። ለእነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ውሻ አይሆናቸውም። የሚያስወጣቸው ገንዘብም ይለያያል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ የገንዘቡ ነገር ነው።

ፍጥነትና ብርታት ለየቅል ናቸው። ፍጥነት ውሻው ሲፈተለክ የሚደርስበት ነው። ብርታት ሮጦ ሲጨርስ የሚታይ ነው፤ ሄዶ ይተኛል ወይስ «አሁንስ ምን እንሥራ?» በሚል ዓይን ያፈጥባችኋል? ሻጭ ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ ይሸጥላችኋል። ቤት ከገባችሁ በኋላ በየቀኑ የምትከፍሉት ግን ለሁለተኛው ነው።

ቁጥሩን ላስቀድምና ልገላገለው። ቀጭኑና እግረ ረጅሙ የእሽቅድምድም ውሻ፣ ግሬይሃውንድ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በመዝገብ የሰፈረው 67.32 ሲሆን፣ ስታር ታይትል የተሰኘ ግሬይሃውንድ በ1994 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ዋዮንግ ላይ ያስመዘገበው ነው። ግሬይሃውንድን የሚመስለው፣ ግን አነስ የሚለው ዊፔት 56 አካባቢ ይደርሳል። የበግ እረኛው ቦርደር ኮሊ 48፣ በረዶ ላይ ተንሸራታች የሚጎትተው ሳይቤሪያን ሃስኪ 45 ገደማ። ኡሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ የነካው ከፍተኛ ፍጥነት 44.7 ነበር። እንግዲህ ከአራቱ የመጨረሻው እንኳ ከዓለም ፈጣኑ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። የትኛውንም ብትገዙ ካመለጣችሁ አትይዙትም። በ56 እና በ67 መካከል ላለው ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፣ ተወዳዳሪ ካልሆነ በቀር፣ ለምን እንደከፈለ አይገባኝም።

ለምን ዊፔት

ግሬይሃውንድና ዊፔት የሚሮጡት ከብዙዎቹ ውሾች በተለየ መንገድ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲጋልቡ በአንድ ዙር እርምጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ አራቱም እግራቸው ከመሬት ይለቃል፤ አንዴ ተሰብስበው፣ አንዴ ተዘርግተው። የሚጋልብ ፈረስ በአንድ ዙር የሚንሳፈፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጀርባቸው እንደ ቀስት ይለመጣል፣ ከዚያ ይፈናጠራል። ይህን በዓይናችሁ ካያችሁ ገንዘባችሁን አውጥታችሁ ልትሰጡ ምንም አይቀራችሁም፤ ሻጮችም ያውቁታል።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሁለት ሦስት ዙር ይሮጡና ያበቃል። ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ቤት ገብተው ለስላሳ ቦታ ይፈልጋሉ። ቀኑን አብዛኛውን ተኝተው ያሳልፋሉ። ስለዚህ ፈጣኑ ውሻ ቤት ውስጥ ሰነፉ ውሻ ነው፤ ሥራ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። በየቀኑ ሁለት የእግር መንገድ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ደግሞ በታጠረ ሜዳ መፈታት ይበቃቸዋል።

ታዲያ ለምን ግሬይሃውንድ አልልም? በኪሎ ስለማስብ። የውሻ ወጪ ሁሉ የሚሰላው በክብደት ነው። የትል መድኃኒቱ በኪሎ ነው፣ የቁንጫው በኪሎ ነው፣ ማደንዘዣው በኪሎ ነው፣ ምግቡም ወደዚያው ነው። ግሬይሃውንድ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዊፔት 14 ገደማ። ግማሽ በማይሞላ ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን የሚያልፍ ፍጥነት አገኛችሁ ማለት ነው። ምግቡ ግን ልክ በግማሽ አይቀንስም። ትንሽ አካል በኪሎ ሲሰላ የበለጠ ጉልበት ያቃጥላል፤ ሒሳቡን ስትሠሩት ዊፔት የሚበላው የግሬይሃውንዱን ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ይህን ውሻው በሚኖርባቸው 12 ወይም 14 ዓመታት አባዙት፤ የግዢ ዋጋ ላይ የተከራከራችሁበት ገንዘብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይታያችኋል።

ግሬይሃውንድ አሸናፊ የሚሆነው በአንድ መንገድ ነው፤ ከውድድር የወጣ አዋቂ ውሻ ስታገኙ። ውድድር ባለበት አገር እነዚህ ውሾች ገና ወጣት ሳሉ ጡረታ ይወጣሉ፣ ዋጋቸውም ከቡችላ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን አፋቸውን ከፍታችሁ እዩ። ጥርሳቸው ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነው፤ ማጽዳቱና መንቀሉ ደግሞ በማደንዘዣ ስለሚሠራ በርካሽ የገዛችሁትን ውሻ ያስወድደዋል። በዚያ ላይ ይህ ዘር በአጥንት ካንሰር ከሚጠቁት አንዱ ነው።

ሃስኪና ቦርደር ኮሊ፦ የማያልቅ ብርታት

ሃስኪ ስፕሪንተር አይደለም፣ ማራቶን ሯጭ ነው። አላስካ ውስጥ ከአንኮሬጅ እስከ ኖም የሚካሄደው ኢዲታሮድ የተባለው፣ ውሾች የበረዶ ተንሸራታች የሚጎትቱበት ውድድር 1,600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ከፌርባንክስ ሲነሣ ሚች ሲቪ በ8 ቀን ከ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨርሶታል። እነዚያ ውሾች በውድድር ቀን 10,000 ኪሎካሎሪ ገደማ ይበላሉ። ልብ በሉ፤ ዛሬ ይህን ውድድር የሚያሸንፉት በአብዛኛው ለሥራ ብቻ እየተመረጡ የተዳቀሉ አላስካን ሃስኪ የሚባሉ ውሾች ናቸው። ሰማያዊ ዓይኑ ፎቶ ላይ የሚያምረው ሳይቤሪያን ሃስኪ አይደሉም። ቢሆንም የሳይቤሪያውም ደም ውስጥ ያው ነገር አለ። ግቢ ውስጥ ስትዘጉበት ይቆፍራል፣ አጥር ይዘላል፣ በር ሲከፈት ይሾልካል። ሲሄድም የሚሄደው ሩቅ ነው። አጥር ማስጠገን፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ማስሞላት፣ ከፍታ መጨመር፤ ይህ ሁሉ በሻጩ ዋጋ ውስጥ የለም። ሁለት ድርብ ፀጉሩም ለብርድ የተሠራ ስለሆነ በሙቀት ሰዓት ማስሮጥ ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋነኛነት በማለክለክ ነውና።

ቦርደር ኮሊን የማደንቀውን ያህል ለወዳጅ የማልመክረው ውሻ የለም። ክብደቱ ከዊፔት ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ የምግብ ሒሳቡ ያጓጓል። ችግሩ ጭንቅላቱ ነው። ቼዘር የተባለችው ቦርደር ኮሊ ከ1,000 በላይ የመጫወቻ ስሞችን ለይታ ታውቅ ነበር። እንዲህ ያለ አእምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል፤ ሶፋ ይበረብራል፣ የራሱን ጭራ እየተከተለ ይዞራል፣ ብስክሌትና መኪና እንደ በግ ሊያግድ ይነሳል፣ ልጆችን ከኋላ ተረከዛቸውን እየነካካ ይሰበስባል። አሠልጣኝ መቅጠር ግድ ይሆናል። የአሠልጣኙን ክፍያ፣ የተበላውን ጫማና የተዘነጠለውን ፍራሽ ደምሩበትና ርካሽ ነው ያላችሁት ውሻ ከሁሉ ውድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እርሻና በግ ያለው ሰው፣ ወይም በየቀኑ ሩጫና ሥልጠና ሊሰጠው የቆረጠ ሰው ይግዛው፤ ለእሱ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ቅጂው ሲሸጥ

አንድ ወዳጄ «ዊፔት ቡችላ በግማሽ ዋጋ» የሚል አግኝቶ ሳይውል ሳያድር ገዛ። ቡችላው ጤነኛ ነበር፣ ይሮጣልም፤ ግን አላደገም። ጣሊያን ግሬይሃውንድ ነበር፤ ሲያድግም 5 ኪሎ ገደማ የሚሆን፣ በመልክ ዊፔትን የሚመስል ሌላ ዘር። ጥሩ ውሻ ነው፣ ጥፋት የለበትም። ግን የፊት እግሩ አጥንት ቀጭን ስለሆነ ከሶፋ ሲዘል እንኳ ሊሰበር ይችላል፤ የወዳጄም የተሰበረው እንዲሁ ነው። ከእጅ አንጓው በላይ ያለው አጥንት በትንንሽ ውሾች ላይ የደም ዝውውሩ አነስተኛ ስለሆነ በቀላሉ አይጠግንም። ብረት ገባ፣ ተደጋጋሚ ራጅ ተነሣ፤ የሕክምናው ወጪ ሙሉ ዋጋ ካለው እውነተኛ ዊፔት በለጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ሻጩ ስልኩን ካጠፋ ቆይቷል።

ሃስኪ የሚሸጡት ደግሞ በዓይን ያታልላሉ። ማንኛውም ቡችላ ዓይኑን ሲገልጥ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም አለው፤ እውነተኛው የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። «ዓይኑን እዩት፣ ንጹህ ዘር ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። ንጹህ ሃስኪም ቡናማ ዓይን ሊኖረው ይችላል። ቦርደር ኮሊ ላይ «ብርቅዬ ቀለም» እያሉ ዋጋ የሚሰቅሉበት ግራጫና ጥቁር ዝንጉርጉር አለ፤ መርል ይሉታል። እናትና አባት ሁለቱም መርል ከሆኑ ከቡችሎቹ አንዳንዱ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆኖ ይወለዳል። በብርቅዬነቱ ተጨማሪ ከፍላችሁ የማይሰማ ውሻ ይዛችሁ ትገባላችሁ ማለት ነው። ወላጆቹን ሳታዩ አትክፈሉ።

ዊፔቱስ? እሱም የራሱ ማታለያ አለው፤ «የፍጥነት ዘረመል ያለው» እየተባለ። ነገሩ ከእውነት የመጣ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የጡንቻ ዕድገትን የሚገታው ማዮስታቲን የተባለ ዘረመል በአንዳንድ ዊፔቶች ላይ ጉድለት እንዳለበት አሳይቷል። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ውሻ ከእሽቅድምድም ፈጣኖቹ መካከል ይሆናል። ከሁለቱም ከወረሰ ግን ከልክ በላይ በጡንቻ የተወጠረ፣ ቡሊ ዊፔት የሚባለው ይሆናል። ለቤት ውሻ ይህን ብሎ ተጨማሪ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው።

ሐኪም ቤት የሚጠብቃችሁ

የሚሮጥ ውሻ ይጎዳል። ከሁሉ ውድ የሆነው የኋላ እግር የጉልበት ጅማት መበጠስ ነው፤ በትልቅ ውሻ ላይ ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከውሻው የግዢ ዋጋ ይበልጣል። ከዚያም አንዱ እግር ከተጠገነ በኋላ ሌላውም የሚከተልበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥሩ ዜናው፣ ይህ በግሬይሃውንድ ላይ እምብዛም አይታይም። በምትኩ የእነሱና የዊፔት ቆዳ ስስ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሮጡ ይቀደዳል፣ ይሰፋል። ስፌት ከጅማት ቀዶ ጥገና ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለምና ምርጫዬን አያስለውጠኝም።

ለሐኪሙ ግን አንድ ነገር ንገሩ። ግሬይሃውንድ ስቡ ጥቂት ስለሆነና ጉበቱም አንዳንድ መድኃኒት ቀስ ብሎ ስለሚያጣራ እንደ ታዮፔንታል ካለ ማደንዘዣ ለመንቃት እጅግ ይዘገያል። የቀይ ደም ሴሉም ከሌላ ውሻ የበዛ ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ውሻ ታሟል ብሎ ምርመራ በምርመራ ላይ ያዝዝባችኋል። ሁሉም በእናንተ ሒሳብ ነው።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። ፖሊስ የሚጠቀምበት ማሊኖይ የቦርደር ኮሊ ብርታት ከሹል ጥርስ ጋር ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም። ላብራዶር ጥሩ ነው፣ ግን በከባድ ሩጫ መሃል የኋላ እግሩ የሚከዳው በዘር የሚተላለፍ ችግር አለ፤ የዘረመል ምርመራ ስላለው የወላጆቹን ውጤት ጠይቁ። ፐግና ቡልዶግ አስሮጣለሁ የምትሉ፣ ለመተንፈስ የሚያስቸግራቸውን የተደፈጠጠ አፍንጫቸውን አይታችሁ ተዉአቸው።

ስትገዙ ውሻው ሲሮጥ እዩ እንጂ ሲቆም ብቻ አትዩ። የኋላ እግሮቹን አጣምሮ እንደ ጥንቸል እየዘለለ የሚሮጥ ከሆነ ዳሌውን ጠርጥሩ። ሲቀመጥ አንድ እግሩን ወደ ውጭ የሚዘረጋ ከሆነ ጉልበቱን። ቡችላ ከሆነ አጥንቱ አድጎ እስኪጨርስ ረጅም ሩጫ አታስሮጡት፤ ይህም ለትልልቅ ዘሮች ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ዊፔት ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ገንዘብ የምታወጡበት ምግብ ማስቀመጫው አይደለም፤ አንገት ማሰሪያው ነው። የእነዚህ ውሾች ጭንቅላት ጠባብ ስለሆነ ተራው ማሰሪያ ወደ ኋላ ሲጎትቱ ሾልኮ ይወጣል። ሲሳብ በመጠኑ የሚጠብቀውን፣ ሰፊውን ዓይነት ግዙ። ድመት ወይም ወፍ ካየ ጥሪ አይሰማምና ባልታጠረ ቦታ፣ በተለይ መኪና መንገድ አጠገብ፣ አትፍቱት።